ከግድግዳው አስራ ሁለት ሜትር

ሐሙስ መስከረም 20 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ስንጥቁ አንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው። ከመድረኩ ጀርባ ካለው መስኮት የላይኛው ጥግ ተነስቶ አንድ ሜትር ከስልሳ ያህል ወደ ኮርኒሱ ሽቅብ ይሄዳል። ዘአማኑኤል ወንበር ላይ ቆሞ፣ ቀጫጭንና ወፋፍራም መስመሮች የታተሙበትን ላስቲክ ካርድ ስንጥቁ ላይ እያስጠጋ ሁለት ጊዜ ለካ። ከዚያ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣትን የጣት ርዝመት ያላት ስስ መስታወት ስንጥቁን አሻግሮ አስቀመጠና ሁለቱን ጫፎቿን በጀሶ ለጠፈ። ከጎኗ በእርሳስ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈ።

"ፕላስተር ለጠፍክለት?" አለ ካሳይ ከባንኮኒው ጀርባ። "ትኩሳቱንስ አልለካኸውም?"

"ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቷ ትሰበራለች፣ ጋሽ ካሳይ። ካልተንቀሳቀሰ ትኖራለች።"

"ይሄ ቤት ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ ቆሟል። አንተ ነህ አሁን የቆምከው፤ ያውም ወንበር ላይ።"

ካሳይ ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ የቤቱን ምድር ቤት ከቀበሌ ተከራይቶ አርብና ቅዳሜ ሙዚቃ የሚያሰማ ሰው ነው። በሩ ላይ ሌላ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ቢሰቀልም ካዛንቺስ ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ "ካሳይ ቤት" ነው የሚለው። ዘአማኑኤል እዚህ ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ቤዝ ጊታር ተጫውቷል። ከሰኞ እስከ አርብ ቀን ቀን ደግሞ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ ላቦራቶሪ የኮንክሪት ኪዩብ በማሽን እየጨመቀ፣ ስንት ጫና ሲያርፍበት እንደሚሰነጠቅ ይመዘግባል። ስንጥቅ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

መስታወቷን ያስለጠፈው ግን አዲስ ሊመጣ ያለው አምፕ፣ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ ነበር። አሮጌው አምፕ መቶ ዋት ነው፤ ያለው አንድ ስፒከር ሲሆን እሱም ተቀዶ በሙጫ ተለጥፏል። ድራሙና ኪቦርዱ ሲነሱ የቤዙ ድምፅ እንደ ጉም ይበተናል። በስድስት ዓመት ውስጥ ሰው ጨፍሯል፤ ዘአማኑኤልን "ሰማሁህ" ያለው ግን አልነበረም። ካሳይ በቀደም አንድ ሆቴል ገብቶ ነበር። ሲመለስ የዚያ ቤት ቤዝ ሆዱን እንደነዘረው ሲያወራ ሰነበተ። ጥቅምት 6 ቀን ቅዳሜ ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ጡረታ ለሚወጣ ኃላፊው የስንብት ግብዣ አዳራሹን ይዟል፤ ሰማኒያ ሰው ይመጣል። ስለዚህ ካሳይ "ወዳጆ ጋ ሂድና መርጠህ አምጣ፣ ኪራዩ በእኔ ነው" ብሎ ቆረጠ።

ወዳጆ ስታዲየም ጀርባ የሙዚቃ መሣሪያ ያከራያል። ዘአማኑኤል በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሄደ። የቀረቡለት ሁለት ነበሩ። ትንሹ መቶ ሃምሳ ዋት፣ ባለ አንድ ስፒከር፣ በአንድ እጅ የሚነሳ ነው። ትልቁ አምስት መቶ ዋት፣ ባለ አራት ስፒከር፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነው። ዘአማኑኤል በላስቲክ ኩባያ ውሃ ጠየቀ። ኩባያውን አምስት እርምጃ ርቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና በትንሹ አምፕ ወፍራሟን ክር መታ። የውሃው ፊት ሳሳ ሳሳ ያሉ ቀለበቶች አወጣ። በትልቁ ሲመታ ውሃው ዘሎ ጠረጴዛውን አረጠበ፤ መደርደሪያው ላይ ያለ የሚስማር ጣሳም ተንቀጫቀጨ።

"ሰው አምፕ በጆሮው ነው የሚመርጠው" አለ ወዳጆ። "አንተ በውሃ። ልትጠመቅ ነው?"

"አዳራሹ ዘጠኝ በስድስት ነው። ትንሹ ይበቃዋል።"

"ታዲያ ትንሹን ውሰዳ።"

ዘአማኑኤል ትልቁ ፊት ቆሞ ክሯን ደግሞ መታ። ድምፁ በጫማው ሶል ገብቶ ጉልበቱ ላይ ደረሰ። ልኬቱ ትንሹን ይላል። እሱ ግን ስድስት ዓመት ሳይሰማ የኖረ ሰው ነው።

"ትልቁን ጫንልኝ" አለ።

በዚያ ሳምንት አርብና ቅዳሜ ሰዎች መድረኩ ድረስ መጥተው ጨበጡት። ከላይ ግን ወይዘሮ መነን ወለሉን በከዘራ መቱት። ወይዘሮ መነን ከአዳራሹ በላይ ባለው የቀበሌ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ ናቸው። በእሳቸውና በዘአማኑኤል መካከል የቆየ ስምምነት አለ፤ አንድ ምት "ዝቅ አድርግ" ማለት ነው፣ ሁለት ምት "በቃ"። ዘአማኑኤል እስካሁን ትእዛዛቸውን ጥሶ አያውቅም። በእነዚያ ሁለት ቀናት አስራ አንድ ጊዜ መቱ። እሱ ዝቅ ባደረገ ቁጥር ካሳይ ከባንኮኒው በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ያመለክት ነበር።

እሁድ ጠዋት መስታወቷ ለሁለት ተሰብራ ተገኘች። ስንጥቁ ሁለት ሚሊ ሜትር ሆኗል።

ዘአማኑኤል ብዙ አላሰበም። አውቆ ያደረገው ስለነበር ጥፋቱን የሚጥልበት ሌላ ሰው አልፈለገም። ትልቁን መልሶ ትንሹን አመጣ፤ ካሳይም ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈው። አዲስ መስታወት ለጠፈ። በሁለተኛው ሳምንት አርብና ቅዳሜ ቮልዩሙን ከሦስት ሳያሳልፍ ተጫወተ፤ ከላይ አንድም ምት አልመጣም። መስከረም 30 ቀን እሁድ ሲያይ ግን መስታወቷ ተሰብራለች። ሦስት ሚሊ ሜትር ከግማሽ።

ወይዘሮ መነንን ይቅርታ ሊጠይቅ ደረጃውን ወጣ። አልጋቸው ከግድግዳው ርቆ ወደ ክፍሉ መሃል ተስቧል። ጥጉ ላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ጋዜጣ ተጠቅጥቋል። የበሩ የታችኛው ጫፍ ተልጎ ነጭ እንጨቱ ይታያል።

"ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት" አለ።

"ስለ የትኛው ጩኸት? ያለፈውን በከዘራዬ ተከፍለሃል። በዚህኛው ሳምንት ደግሞ እንደ ሰው ነው የተጫወትከው።"

"ግድግዳውን የሰነጠቅኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።"

ወይዘሮ መነን በከዘራቸው ወደ በሩ ጠቆሙ። "አንተ ልጅ፣ ሰኞ ሰኞ ትጫወታላችሁ?"

"ሰኞ አንጫወትም።"

"የቤቴ በር የሚይዘው ሰኞ ነው። እሁድ እንደ ልቡ ይከፈታል፤ ሰኞ ማታ በትከሻዬ ነው የምገፋው። በመላጊያ ያስላግኩት እኮ ሁለት ጊዜ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፒስት ነበርኩ፤ ስህተቱ የማን እንደሆነ ከወረቀቱ አውቃለሁ።"

ጥቅምት 1 ቀን ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዘአማኑኤል ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ሦስተኛውን መስታወት ለጠፈ። አምፑን ከሶኬት ነቅሎ ገመዱን ጠቅልሎ ከቦርሳው ከተተ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሲመለስ አዳራሹ እንደተቆለፈ ነበር፤ ከፍቶ ገባ። መስታወቷ ተሰብራለች። አራት ሚሊ ሜትር ከግማሽ።

በቤቱ ቀኝ ከቆርቆሮ አጥር ወዲያ ከእሁድ በቀር በየቀኑ ለአዲስ ሆቴል መሠረት ይቆፈራል። ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ አቧራውንም የማሽኑንም ድምፅ ለምደውታል። ዘአማኑኤል በቆርቆሮው ሽንቁር አይኑን አስጠግቶ አየ። ለሠራተኞች የቆመውን መሰላል እርከን ቆጠረ፤ ሃያ ስድስት ነው። አንዱ እርከን ከአንዱ ሠላሳ ሳንቲ ቢርቅ ጉድጓዱ ወደ ስምንት ሜትር ይጠጋል። የጉድጓዱ ዳር ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ባዶ አፈር ነው፤ የያዘው እንጨትም ብረትም የለም። ከአፈሩ ጫፍ እስከ ካሳይ ቤት መሠረት ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ታች ውሃ አቁሯል፤ ፓምፕ ያለማቋረጥ ይስባል። አስራ አንድ ቀን ሙሉ የለካው ስንጥቅ የእሱ አልነበረም፤ ይህን ማወቁ ግን ምንም አላቀለለትም። ቮልዩም ዝቅ በማድረግ የሚቆም ነገር አይደለም።

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ፈቃድ እየጠየቀ ተመላለሰ። የግንባታው ዘበኛ ያለ ደብዳቤ ማንም እንደማይገባ ነገረው። ቀበሌ ደብዳቤ ሊያጽፍ ሲሄድ፣ ቤቱ በልማት የሚነሳ ስለሆነ ማመልከቻው ለሰኞ ይታያል ተባለ።

ካሳይ የተሰበሩትን መስታወቶች በመዳፉ ይዞ አገላብጦ አያቸው።

"አራት ሚሊ ሜትር ማለት ስንት ነው?" አለ።

"የሦስት የአስር ሳንቲም ውፍረት ቢሆን ነው።"

"ለእሱ ብዬ ሰማኒያ ሰው ልመልስ? ቅዳሜን አሳልፈኝና ከዚያ ቤቱን በሙሉ መስታወት አልብሰው።"

ወይዘሮ መነንም ሌላ ቤት እንዲያድሩ ቢለምናቸው እሺ አላሉም። ጎረቤታቸው እህቷን ለመጠየቅ አዲግራት ከርማ ስትመለስ በሯ ታሽጎ ነበር ያገኘችው። "ቀበሌዎች ተነሱ እስኪሉን ቀን ነው የሚቆጥሩት" አሉ። "አንድ ሌሊት ሌላ ቤት ባድር በማግስቱ ሰው የለበትም ይላሉ። ከወደቀም እኔ እያለሁ ይውደቅ።"

አርብ ጥቅምት 5 ቀን፣ ክረምቱ ወጣ ከተባለ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዘነበ።

ቅዳሜ ጠዋት ስንጥቁ ሰባት ሚሊ ሜትር ነበር። የመስኮቱ መስታወት ራሱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ዘአማኑኤል ትንሿ ጣቱን ወደ ስንጥቁ አስጠጋ፤ ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። ካርዱን ኪሱ ከቶ በታክሲ ወደ ስታዲየም ሄደ።

"ትልቁን ስጠኝ" አለው ወዳጆን።

"ግድግዳ አፈረሰብኝ ብለህ አይደል እንዴ የመለስከው?"

"ለግቢ ነው። ግድግዳ በሌለበት ቤዝ አይቆምም፣ ይሄዳል። ትንሹ ከአስር ሜትር በላይ አይሰማም።"

"ዛሬስ ውሃ አትፈልግም?"

"ዛሬ አልፈልግም።"

አምስት ሰዓት ላይ አምፑ ግቢው ውስጥ ወረደ። የቤቱ የፊት ግቢ እስከ መንገዱ በር ሃያ ሜትር ይረዝማል። ዘአማኑኤል አምፑን በሩ ጋ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር አስቀመጠ። ቤቱ እስከ ጣሪያው ጠርዝ ሰባት ሜትር ነው። ቁመቱን ያህል ቢወድቅ፣ ድንጋይ ደግሞ ቢንከባለል ብሎ አሰበና ከቀኙ ጥግ አስራ ሁለት ሜትር ለክቶ ባዶ የቢራ ሳጥኖች በመስመር ደረደረ። ከመስመሩ እስከ ቤቱ ባለው ቦታ ማንም ወንበር እንዳያደርግ ነው።

ካሳይ መጥቶ ብዙ ተናገረ። ቤቴን በሰው ፊት ልታዋርድ ነው አለ፣ ሌላ ቤዚስት በአንድ ስልክ አመጣለሁ አለ። ዘፋኟ ሔለን ክርክሩን ትታ ወደ አዳራሹ ገባች፤ ግድግዳውን አይታ ማይክራፎኗን ከነማቆሚያው ተሸክማ ወጣች። ድራመሩ እሷንና ቤዙን አይቶ ከበሮውን ማውጣት ጀመረ። ካሳይ ቁልፉን ከባንኮኒው ላይ አነሳ።

"ካልተጫወታችሁበት ይዘጋላ" አለ። ቢራውንና ጠረጴዛውን አስወጥቶ አዳራሹን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሊቀጣቸው ነበር ያሰበው።

የቀሩት ወይዘሮ መነን ናቸው። ዘአማኑኤል ደረጃውን ወጣ። ስለ ግድግዳው አልተናገረም፤ ያን ጨርሰውታል።

"ውጭ ስጫወት ልኩ ይጠፋብኛል" አለ። "ሲበዛም ሲያንስም የሚነግረኝ ሰው የለም።"

"ከዚሁ ሆኜ እነግርሃለሁ።"

"ከዚህ አይታወቅም። ወንበር አዘጋጅቻለሁ። ከወንበሩ በርዎ ይታያል።"

ወይዘሮ መነን ወደ መስኮቱ ሄደው ወንበሩን ፈለጉ። በሳጥኖቹ መስመር ላይ ብቻውን ቆሟል። ከዚያ ወደ በራቸው ዞሩና በአይናቸው የለኩ መሰሉ። የኪራይ ደረሰኝ ያለበትን ቦርሳ አነሱ፣ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ፣ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ።

እንግዶቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ግቢው ፀሐይ ስላለው ደስ አላቸው፤ ካሳይም ሐሳቡ የራሱ እንደሆነ ማውራት ጀመረ። ከአጥሩ ወዲያ ፓምፑ ይሰማል። አስር ሰዓት ላይ ወይዘሮ መነን ከዘራቸውን አወዛወዙ። ዘአማኑኤል በዘፈንና ዘፈን መካከል ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ወደ እሳቸው ሄደ።

"ወፍራሟ አትሰማም" አሉ። "ቅድም ስወርድ፣ ስትሞክሯት፣ ከበረንዳው ሥር ጥሩ ትሰማ ነበር። ደግሞም እዚያ ጥላ አለ። ወንበሬን አስጠጋልኝ።"

እውነታቸውን ነው። ቤዝ ግድግዳ ሥር ይከማቻል፤ ሜዳ ላይ ይበተናል። ቮልዩሙን ቢጨምር ድምፁ ያ ግድግዳ ድረስ እንደሚሄድም ያውቃል፤ የኩባያውን ውሃ አልረሳም። ቤቱ ውስጥ ግን አሁን ሰው የለም። ሰው ያለው ወንበሩ ላይ ነው።

ኮቱን አውልቆ ጥላ እንዲሆንላቸው ራሳቸው ላይ ጣል አደረገላቸው። ወንበሩን አላስጠጋም። ወደ አምፑ ተመልሶ ቮልዩሙን ከአራት ወደ ሰባት አዞረና ወፍራሟን ክር መታ። ወይዘሮ መነን ልኩ መጣ ለማለት መሬቱን ሁለት ጊዜ መቱ። በቃ።

ከአስር ሰዓት ተኩል ትንሽ እንዳለፈ፣ ሔለን ሌላ ዘፈን እየዘፈነች፣ ከሁሉም መሣሪያ የወፈረ ድምፅ መጣ። የቤቱ የቀኝ ጥግ ከነመስኮቱ መጀመሪያ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ግቢው፣ ቀሪውም ወደ ጉድጓዱ ወረደ። የወይዘሮ መነን አልጋ ከላይ ግማሽ አካሉ አየር ላይ ቀረ። አቧራው ሲወርድ ሰው ሁሉ የግቢው በር ጋ ተፋፍጎ ቆሟል። ካሳይ እጁ ኪሱ ውስጥ ቁልፉን እንደጨበጠ ነበር። ወይዘሮ መነን ከወንበራቸው አልተነሱም፤ በራቸው ወደነበረበት ያያሉ።

ዘአማኑኤል ጊታሩን አስቀምጦ ሜትሩን አወጣ። ሁለት ጊዜ ለካ። ከቤቱ ጥግ ከሁሉ ርቆ የሄደው ድንጋይ የቆመው ሰባት ሜትር ከአርባ ላይ ነው። ከድንጋዩ እስከ ወንበሩ እግር አራት ሜትር ከስልሳ።