የማሚቴ ካርቶን

እኔ ሾዴ ጨርቅ ቆርጬ ተሳስቼ አላውቅም። ይህን ስል ጉራ ይመስላል፤ ጉራም ነው። ከሸጎሌ ወረድ ብሎ፣ በእድራችን መጋዘን ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች ሆነን መስፋት ከጀመርን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። በእነዚህ ዓመታት መቀሱን የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን፤ ለሴት ተማሪዎች እየታጠበ የሚያገለግል የወር አበባ ፓድ እንሰፋለን፤ የእድሩ ድንኳን ሲቀደድ መሬት ላይ ዘርግተን ጉልበታችን እስኪደነዝዝ እንጥፈዋለን። ሌላው ሁሉ ስህተቱን ተርትሮ ያስተካክላል። ቆራጭ ግን የሚተረትረው የለውም።

በየዓመቱ ለግንቦት ልደታ ሁላችንም አንድ ዓይነት ቀሚስ እንለብሳለን። ለዚህ ብዬ የእያንዳንዷን ሴት ልክ ከፓስታ ካርቶን ቆርጬ፣ ስሟን ጽፌበት፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅየዋለሁ። የቤዛብሕ ካርቶን ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ እሷ ግን እስከዛሬ "እኔ አልወፈርኩም፣ ካርቶኑ ነው የጠበበው" ትላለች። የማሚቴ ብቻ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያው ነው። ባሏን ስትቀብር እንኳ አንድ ጣት አልተለወጠችም። ስለዚህ ዳግመኛ ለክቻት አላውቅም። ካርቶኗን ጨርቁ ላይ አስተኝቼ፣ ዙሪያውን በሳሙና አስምሬ መቁረጥ ነው።

ዘንድሮ ልደታ ሳምንት ሲቀራት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቀሚሶቹን ለካን። የማሚቴ ልጅ ሲናም ነበረች። ሲና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፏን ይዛ ትመጣና ቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጣ ታጠናለች። የስፌት መኪና ድምፅ እንቅልፏን እንደሚያባርርላት ትናገራለች።

ማሚቴ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። ቀሚሱ ተንጠልጥሎባታል። ትከሻው ወደ ክንዷ ወርዷል፤ ወገቡ ሌላ ሴት ይጨምራል።

"ጉድ ፈላ!" አለች ቤዛብሕ። "ሾዴ ተሳሳተች! ኧረ እልል በሉ!"

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ቀን ነበር።

"አዎ፣ ቆርጣ አበላሽታዋለች" አለች ማሚቴ ቶሎ ብላ። "ምንም አይደል፣ ቤት ወስጄ አጠበዋለሁ።"

ይህን ስትል ትክ ብላ እያየችኝ ነበር። ዝም በይልኝ የሚል አስተያየት ነው። ዛሬ ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን የታየኝ በሰው ፊት የምታዋርደኝ ሴት ብቻ ነች። ደሜ ፈላ።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት? አውልቂው!"

"ተይው በቃ ሾዴ፣ ጨርቅ ነው..."

"አውልቂ አልኩሽ!"

አወለቀች። ካርቶኗን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩ፤ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አስተኛሁበት። ትከሻው ከትከሻ፣ ወገቡ ከወገብ ግጥም አለ።

"ኑ እዩ! ካርቶኑ ያው፣ ቀሚሱም ያው! እኔ ምን አጠፋሁ?"

መጥተው አዩ። ይቅርታ ስጠብቅ ቆየሁ። ቀና አልኩ። የሚያዩት ቀሚሱን አልነበረም። የሚያዩት ነጠላዋን ደረቷ ላይ ይዛ የቆመችውን ማሚቴን ነበር። የአንገቷ አጥንት ወጥቷል፤ ክንዷ የሕፃን ክንድ አክሏል። ለወራት ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ እየመጣች "ይሄ የእንጦጦ ብርድ ጨረሰኝ" ስትለን አብረናት ስንስቅ ነበር። አጠገቧ የምቀመጠው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ሲና መጽሐፉን አስቀመጠች።

"እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

ማሚቴ ልብሷን ለብሳ ወጣች። ልጅቱ ተከተለቻት።

ማሚቴ እሑድም ሰኞም አልታየችም። ረቡዕ ሙዝ ገዝቼ ቤቷ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሲና ናት፤ ተማሪ ሁሉ ክፍል ውስጥ ባለበት ሰዓት። ሰላም ብላኝ ወደ ጓሮ ልብስ ልታጥብ ወጣች። ማሚቴ ግድግዳውን ተደግፋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች።

"ጉበቴ ላይ ነው አሉኝ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከጥር ጀምሮ አውቀዋለሁ። ብዙም አይቆይም ብለውኛል።"

"ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ?"

"አንቺ ዝም ማለት ትችያለሽ?" ፈገግ ለማለት ሞከረች። "እስከ ሰኔ ብቻ ነበር ልደብቀው የፈለግኩት። ፈተናዋን እስክትጨርስ። አባታቸው ሲታመም ኤርሚያስ ያደረገውን ታውቂ የለም?"

አውቃለሁ። ኤርሚያስ የሲና ታላቅ ነው። አባቴን ላስታምም ብሎ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ቀረ። አባትየው ሞተ፤ ልጁም ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም። ዛሬ ሸጎሌ ገበያ ከብት መኪና ላይ ሲጭን ይውላል።

"ይቺም ጀምራለች" አለች። "ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብተው እያደሩ ነው። 'አንቺን ጥዬ የትም አላድርም' አለችኝ። ከሰኞ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ሾዴ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ 'የተሳሳትኩት እኔ ነኝ' በያት። እኔ ጨጓራ ነው ብያታለሁ፤ አንቺ ካገዝሽኝ ታምናለች።"

"ካርቶኑን እኮ ሁሉም አየው።"

"ካርቶኑም የሌላ ሰው ነበር በያታ! ምን ይጎድልብሻል?"

ምንም አይጎድልብኝም። ይሁን እንጂ እውነቱን ልናገር፤ እዚያ የበሽተኛ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንኳ "ተሳሳትኩ" የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ። በራሴ አፈርኩ።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሲና ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ አንሶላ ታሻለች።

"ሲናዬ፣ የቅዳሜው ነገር... እ... ማለቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ካርቶኑ ከሌላ ሴት ጋር ተምታቶብኝ ነው። እናትሽ ያን ያህል አልከሳችም። ነገ ትምህርት ቤትሽ ሂጂ።"

እጇን ከአረፋው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች። አልተቆጣችም። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

"እትዬ ሾዴ፣ ቅዳሜ ዕለት ቀሚሱ ሲሰፋት እኔም ስቄ ነበር" አለች። "ያን ጊዜ 'ተሳሳትኩ' ቢሉ አምንዎት ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር የማምንዎት። እርስዎ ግን ካርቶኑን አወረዱ።"

አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም።

"ሜትር ይዘዋል?" አለችኝ። "እማዬ ለልደታ እለብሰዋለሁ ብላለች። እንደዚያ ተንጠልጥሎባት ሰው ፊት አላወጣትም። ይለኩልኝ።"

ሜትር ከአንገቴ ተለይቶ አያውቅም። ገብቼ ለካኋት፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሜትሩን በወገቧ ሳዞር ጎድኗ ጣቴን ነካኝ።

"ነገርሻት?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ነገርኳት።"

"አመነችሽ?"

"አምናኛለች" አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች።

ያን ዕለት ወደ ክፍላችን ተመልሼ ካርቶኗን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩ። ከግራም ከቀኝም አራት አራት ጣት ቆረጥኩለት፤ ቀሚሱንም በዚያው ልክ አጠበብኩት። የልደታ ዕለት ማሚቴ የልጇን ክንድ ይዛ ስትመጣ ቀሚሱ ልክክ ብሎባት ነበር። ቤዛብሕ ጠጋ ብላ "አንቺ እኮ አትሳሳቺም" አለችኝ። ልታጽናናኝ ብላ ነው።

ማሚቴን ግንቦት ሳያልቅ ቀበርናት። የለቅሶው ድንኳን እኛው የጣፍነው ነበር፤ ከሥሩ ተቀምጬ ስፌቱን ስቆጥር ዋልኩ።

ሰኔ ላይ ተፈታኞቹን የጫኑ አውቶቡሶች በአስፋልቱ አለፉ። ሴቶቹ ሊሸኙ ወደ በሩ ወጡ። ወደ ትምህርቷ ያልተመለሰችው ሲና አልወጣችም። በእናቷ የስፌት መኪና ላይ አቀርቅራ ለመስከረም የታዘዘ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ጨርቁን ቆርጬ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ልኩ አንድም ስህተት አልነበረበትም።