ሁለተኛው ማራገቢያ

የፋብሪካው ሰው ሁሉ «ሾፌሯ» ነበር የሚላት። መኪና መንዳት ቀርቶ ብስክሌት ላይ ሚዛኗን መጠበቅ አትችልም፤ ስሙ የወጣላት ድራይቨር ስለምትጽፍ ነው። ሥራ በጀመረችበት ቀን፣ ድራይቨር ማለት የማሽኑን ኮምፒውተር ከማራገቢያው፣ ከማሞቂያውና ከመብራቱ ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም መሆኑን ስታስረዳ፣ ከኋላ ቆመው ይሰሙ የነበሩት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ «እንግዲያው ሾፌር ናት በሉኛ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እሳቸውንም ቢሆን በመዝገብ ስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት ሽቦ ከሽቦ ሲያያይዙ ኖረው «ጋሽ ሽቦ» ሆነው ቀርተዋል።

ፋብሪካው የሚሠራው የችግኝ ሳጥን ነው። ቁመቱ ሰው ያህላል፣ በሩ መስታወት ነው፣ ውስጡ ሙቀቱም ብርሃኑም በልክ ነው። ተመራማሪዎች በብልቃጥ የዘሯቸውን ጥቃቅን ችግኞች እዚያ ውስጥ ያሳድጋሉ። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ የዓመታት ልፋት በአንድ ቀን ገደል ይገባል። ለዚህም ነው አዲሱ ሞዴል ሁለት ማራገቢያ የተገጠመለት፤ አንደኛው ቢሞት ሁለተኛው ወዲያው ተነሥቶ እንዲተካው።

በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ፣ የአንደኛው ማራገቢያ ሞተር ተቃጠለ። ሁለተኛው አልተነሣም። ሰኞ ጠዋት ተመራማሪዋ በሩን ስትከፍት የሞቀ አየር ፊቷን መታት። ሦስት መቶ ብልቃጥ ውስጥ የነበረው ሁሉ እንደ ተቀቀለ ቅጠል ተኝቷል። በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ለማውጣት አራት ዓመት የለፋችበት ነበር። ወደ ፋብሪካው ስትደውል አልጮኸችም። «መጥታችሁ እዩት» ብቻ አለች።

ሄደው ያዩት ጋሽ ሽቦ ናቸው። ረቡዕ ዕለት በተጠራው ስብሰባ ላይ መለኪያቸውን ከኪሳቸው እንኳ ሳያወጡ ቆመው ተናገሩ።

«ሽቦው ደህና ነው። ጫፍ እስከ ጫፍ ለክቼዋለሁ። ማራገቢያውንም በቀጥታ ኤሌክትሪክ ሰጥቼው እንደ ጉድ ዞሯል። ትዕዛዝ ነው ያልመጣለት። ኮምፒውተሩ ተነሥ አላለውም።»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱን ወደ ሾፌሯ አዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እሷ ላፕቶፗን ከፈተችና የማሽኑን መዝገብ ግድግዳው ላይ አሳየች። ቅዳሜ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ፤ ሁለተኛው ማራገቢያ እንዲነሣ ተጠራ፤ የተመለሰው ውጤት ዜሮ።

«ዜሮ ማለት ተሳክቷል ማለት ነው» አለች። «ስህተት ቢኖር ሌላ ቁጥር ይመልስ ነበር። ሶፍትዌሩ የሚጠበቅበትን አድርጓል። ጋሼ፣ ምናልባት ማያያዣው ላልቶ እርስዎ ሲነካኩት ገጥሞ ይሆናል።»

ይህን ያለችው ለስለስ አድርጋ ነው። እንዲያውም ያዘነችላቸው መስሏት ነበር። ጋሽ ሽቦ አንድ ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ አንድ ጊዜ እሷን ተመለከቱና ተቀመጡ። በማግስቱ ለተቋሙ የይቅርታ ደብዳቤ ተጻፈ፤ «በኤሌክትሪክ ሠራተኛችን የአገጣጠም ጉድለት» የሚል። እሳቸውም ከገጠማ ክፍሉ ተነሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲቀመጡ ተደረገ።

አርብ ዕለት ሾፌሯ ለሌላ ጉዳይ ኮዷን ከፈተች። የአንድ አሮጌ ማሞቂያ ድራይቨር ስትፈልግ፣ ሳታስበው የሁለተኛው ማራገቢያ ፋይል ላይ ደረሰች። አየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ እንደገና አየችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከርነሉ፣ ማለትም የማሽኑ ሶፍትዌር እምብርት፣ ማራገቢያ ምን እንደሚመስል አያውቅም። እሱ የሚያውቀው አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ የሥራዎች ስም ተደርድሯል፦ አስነሣ፣ አቁም፣ ፍጥነት ቀይር። እነዚህን ሜተድ ይሏቸዋል። ድራይቨሩን የሚጽፈው ሰው በየስሙ ትይዩ የራሱ ኮድ የሚገኝበትን አድራሻ ይሞላል። ከርነሉ «አስነሣ» ብሎ ሲጠራ ጥሪው በዚያ አድራሻ ወደ ድራይቨሩ ይደርሳል፤ ድራይቨሩ ለማራገቢያው ምልክት ይልክና የሆነውን በቁጥር ይመልሳል። ከርነሉ ሄዶ አያጣራም፤ የተነገረውን ያምናል። ቦታው ባዶ ሆኖ ካገኘው ደግሞ «ይህ ሥራ እዚህ አልተሠራም» ብሎ በግልጽ ይናገራል።

እሷ ቦታውን ባዶ አልተወችውም፤ ባዶ ብትተወው በተሻለ። ከሰባት ወር በፊት የሁለተኛው ማራገቢያ መቆጣጠሪያ ቦርድ ገና ሳይመጣ፣ ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ለእንግዶች ማሽኑን ማሳየት ፈለገ። ማሽኑ ደግሞ ያ ቦታ ባዶ ስለሆነ አልነሣም አለ። ያን ጊዜ ሁለት መስመር ጽፋ ሰካችበት። አንደኛው መስመር ለራሷ የተጻፈ ማስታወሻ ነው፦ «ቦርዱ ሲመጣ ይሞላል»። ሁለተኛው መስመር ምንም ሳይሠራ ዜሮ ይመልሳል። ቦርዱ መጣ፤ ጋሽ ሽቦ ገጠሙት፤ እሷ ረሳችው። በዚያች ቅዳሜ ከርነሉ «አስነሣ» ብሎ ሲጠራ፣ የእሷ ሁለት መስመር «ተነሥቷል» ብሎ መለሰ። ማሽኑም ማራገቢያው ተነሥቷል ብሎ ስላመነ ማንቂያውን እንኳ አላስጮኸም።

ያን ቀን ተነሥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ መሄድ ነበረባት። ተነሣችም። ኮሪደሩ ላይ እስከ ውኃ ማጣሪያው ድረስ ሄደች። ግድግዳው ላይ የታየው መዝገብ፣ የራሷ ለስላሳ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ምናልባት ማያያዣው ላልቶ» ያለችው ነገር ትዝ አላት። አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጣችና ተመለሰች። ያጎደለችውን ኮድ ጻፈች፤ ደጋግማ ሞከረችው። ከዚያ ከሌሎች አርባ ለውጦች ጋር ደባልቃ ወደ ማሽኖቹ ሁሉ ላከችው። መግለጫው ላይ «ጥቃቅን ማስተካከያዎች» ብላ ጻፈች።

ለራሷም ምክንያት አላጣችም። አሁን እኮ ተስተካክሏል፤ ከእንግዲህ የሚጎዳ የለም፤ ጋሽ ሽቦም ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቢቀረው ነው፤ ግምጃ ቤት ተቀምጠው ማረፉ ለእሳቸውም ይሻላል። እንዲህ እንዲህ እያለች ሆዷን ልታባብል ሞከረች። ሆዷ ግን አልተባበለም። ምሳ ሰዓት በግምጃ ቤቱ በኩል ማለፍ ትታ በጓሮ በኩል መዞር ጀመረች። «ሾፌሯ» ብለው ሲጠሯት ትደነግጣለች። ቤት ስትገባ እናቷ «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ፤ አሞሻል እንዴ?» ሲሏት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች፤ እናቷም «ይህ ሥራ ሊገድልሽ ነው» ብለው ሥራውን ይረግማሉ። ሥራው በእሷ ጥፋት ሲረገም መስማቱም አንድ ራሱን የቻለ እፍረት ነበር።

ጥፋቷን ካወቀች በአሥራ አንደኛው ቀን ጋሽ ሽቦ ራሳቸው መጡ። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ምሳ ሲያዘነብል ጠብቀው ኖሯል፤ በሩን በጣታቸው አንኳኩ። በአንድ እጃቸው ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ይዘዋል፤ ላዩ ላይ አራት ማያያዣዎች ተገጥመዋል።

«ሥራ አስፈታሁሽ ይሆን፣ ልጄ?»

«ኧረ አላስፈቱኝም፤ ይግቡ ጋሼ።»

ገብተው ግን አልተቀመጡም። ሰሌዳውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት።

«አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ለሰው እንዳታወሪብኝ እንጂ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ግምጃ ቤት ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ሳስበው… መዝገቡ አይዋሽም። አንቺም አትዋሺኝም። እንግዲያው የላላው እጄ ነው ማለት ነው። ሰው ሲያረጅ ጣቱ መክዳቱን ራሱ አያውቅም ይላሉ። ባለፈው እሑድ የልጄ ቤት መብራት ጠፍቶ ‹አባባ ሥራልን› አሉኝ፤ ‹ባለሙያ ጥሩ› ብዬ ወጣሁ። ቤቱን በእሳት ባስበላውስ ብዬ ፈራሁ። እስቲ አንቺ ዓይንሽ ወጣት ነው፤ እነዚህን አራቱን ጎትተሽ እዪልኝ። የላላ ካለ ሳትደብቂ ንገሪኝ።»

ሾፌሯ እጇን ሰደደች። የመጀመሪያውን ጎተተችው፤ ነቅነቅ አላለም። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። እንደ ቋጥኝ ነበሩ። አራተኛው ላይ ስትደርስ እጇን መለሰች። ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ጋሼ፣ እጅዎ ደህና ነው» አለች።

«እንድታጽናኚኝ አይደለም የጠየቅሁሽ፤ እውነቱን…»

«እጅዎ ደህና ነው! ጥፋቱ የእኔ ነው። ትዕዛዙ አልተላከም። እርስዎ እንዳሉት ነው። ዜሮ ብሎ እንዲመልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከበስተ ኋላው ምንም የለም።»

አሮጌውን ፋይል ከፍታ አሳየቻቸው። ኮድ ማንበብ አያውቁም፤ ሁለት መስመር ብቻ መሆኑን ግን ማንም ያያል። ማስታወሻውን በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ቦርዱ ሲመጣ… ይሞላል።» ከውጭ የምሳ ሳህን ኳኳታ ይሰማል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራችው። «አርብ። ከስብሰባው በኋላ ባለው አርብ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ቆጥረው ሲጨርሱ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«መርሳት የሰው ነው» አሉ። «እኔም ስንቱን ረስቻለሁ። እነዚህ ቀኖች ግን መርሳት አይደሉም።» ሰሌዳቸውን አነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ሳይሉ «ምሳዬ እየቀዘቀዘ ነው» አሉና ወጡ።

በዚያው ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች። እሱ አዳምጧት ሲያበቃ መጀመሪያ ያደረገው በሩን መዝጋት ነው። «ተስተካክሏል አይደል? በቃ፤ እሳቸውን ወደ ቦታቸው እመልሳቸዋለሁ። ደብዳቤውን መቀስቀሱ ለማንም አይበጅም» አላት። ደህና መውጫ ሰጣት። ልትወስደውም ትንሽ ቀርቷት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግማሽ እርምጃ ወደ በሩ ተራምዳለች።

«አይሆንም» አለች ቆማ። «ስብሰባውን ይጥሩልኝ። በሰው ፊት ነው ያዋረድኳቸው።»

ስብሰባው ሰኞ ተጠራ። አሥራ አራት ሰው ነበር። ሁለቱን መስመር እዚያው ግድግዳ ላይ አሳየች፤ መቼ እንደጻፈችው፣ መቼ እንዳገኘችው፣ እንዴት «ጥቃቅን ማስተካከያዎች» ብላ እንደሸሸገችው አንድ በአንድ ተናገረች። ማንም አልሳቀም፤ ማንም «አይዞሽ» አላላትም። አንዲት የገጠማ ሠራተኛ ብቻ ለጎረቤቷ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጋ፣ «ሰውየው እኮ እራት መብላት ትቶ ነበር» አለች። ጋሽ ሽቦ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር።

እሳቸው ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ስማቸውን የሚያነጻ ደብዳቤም ተጻፈ። እሷ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ አዲስ ደንብም ወጣ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ሜተድ ሲሞከር እሷ ከኮምፒውተሩ ትጠራለች፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደግሞ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ በዓይኑ አይቶ ይፈርማል። በመጀመሪያው ቀን እሷ «አስነሣ ጠርቻለሁ» ስትል፣ ጋሽ ሽቦ ከማሽኑ ጀርባ «ተነሥቷል፤ ይቀጥሉ» አሉ። ይቀጥሉ! በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አንቱ ብለዋት አያውቁም። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ፊታቸው ላይ ቁጣም ሽሙጥም የለም። እስክሪብቷቸውን ይዘው ቀጣዩን ይጠብቃሉ። እሷም ቀጠለች። ያን አክብሮት የቱንም ያህል ብትፈልግ «ይቅርብኝ» ልትላቸው አትችልም ነበር።

የቀረችው ተመራማሪዋ ነች። ሥራ አስኪያጁ «ደብዳቤው ይበቃል» ቢላትም በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ራሷ ሄደች። ተመራማሪዋ የጎማ ጫማ አድርጋ በር ላይ ተቀበለቻት፤ የመጣችበትን ነገር እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ይቅርታ ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«እሺ፤ ጠየቅሽኝ። እኔ ምን ላድርገው እሱን?» አለችና ወደ ጓዳው መራቻት። በረጅሙ የሲሚንቶ ገንዳ ዳር ብልቃጦቹ ተደርድረዋል፤ ታችኛቸው ላይ የደረቀው ነገር እንደ ቡናማ ቅርፊት ተጣብቋል። «እንደ አዲስ ልጀምር ነው። መጀመሪያ እነዚህ መታጠብ አለባቸው፤ እኔ ደግሞ አልችልም። እጄን ስሰድ እንባዬ ይመጣል።»

ሾፌሯ ኮቷን አውልቃ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ተመራማሪዋ አንድ ብሩሽ አቀበለቻትና «አንገታቸው ስስ ነው፤ ቀስ እያልሽ» ብላ ሄደች። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። የመጀመሪያውን ብልቃጥ አነሣች፤ ላዩ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥርና ቀን አለው፤ ከአራት ዓመት በፊት የተጻፈ። አንብባው ብሩሹን አስገባችና መፋቅ ጀመረች።