ሰማንያ ዘጠነኛው ቀን

ሬና ባርቶሽ የጎማ ቤት ቱታዋን እንደለበሰች የስብሰባ አዳራሹን በር ስትገፋ፣ ዳርሊን ፕሩዊት እስክሪብቶዋን ሆን ብላ ከጠረጴዛው ሥር ጣለችው። ከዚያም ልታነሳው አጎነበሰች። እስክሪብቶው እግሯ ሥር ነው፤ እሷ ግን እንደ ጠፋ መርፌ ትፈልገዋለች።

"ዳርሊን፣ እታች ነዳጅ አገኘሽ እንዴ?" አላት አጠገቧ የተቀመጠው ሌስተር ዊግስ። "ካገኘሽ እኩል ነው የምንካፈለው።"

"እስክሪብቶ ወድቆብኝ ነው።"

"እኔ ደግሞ የተደበቅሽ መስሎኝ።"

ሌስተር ሲቀልድ ነው እንጂ ጠንቋይ አይደለም። ዳርሊን ግን እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የፔሪ ላንዲንግ ከተማን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሃያ ዓመት አስተዳድራለች፣ ለከተማው ምክር ቤት ሁለት ጊዜ ተመርጣለች። እንዲህ ያለች ሴት ከአንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ጎማ ቀያሪ ሸሽታ ጠረጴዛ ሥር ገባች ቢባል ማን ያምናል? ቀና ስትል ስሟ የተጻፈበትን ሰሌዳ ትንሽ ወደ ፊቷ ሳበችው። ያፈረ ሰው መዳፍ የምታክል ሰሌዳም የምትሸፍነው ይመስለዋል።

የምክር ቤቱ ጸሐፊ ፖሊ እንደ ሁልጊዜው ደንቡን አነበበች፤ እንደ ሁልጊዜውም ማንም አልሰማትም። ለተናጋሪ ሦስት ደቂቃ። መናገር የሚፈልግ ቢጫ ካርድ ይሙላ። በጉዳዩ እጁ ያለበት የምክር ቤት አባል ድምፅ አይሰጥም፤ ከወንበሩ ወርዶ እንደ ማንኛውም ነዋሪ ካርድ ሞልቶ ይናገራል። ዳርሊን ይህን ደንብ ስድስት ዓመት ሰምታዋለች። ዛሬ ግን የመጨረሻው አንቀጽ ለሷ የተጻፈ መሰላት።

ጉዳዩ ይህ ነው። ዋሽንግተን ላይ አንድ ረቂቅ ሕግ ቀርቧል። በወር አንዴ እየሠለጠኑ በአዘቦቱ ቀን የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች፣ ለአደጋ ተጠርተው ያገለገሉት እያንዳንዱ ቀን ለትምህርት ክፍያ ይቆጠርላቸው ይላል። እስካሁን ዘጠና ቀን ያልሞላለት ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። እንግዲህ ከተማው ለሕጉ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍ ወይስ ዝም ይበል? ከአምስቱ አባላት ሁለቱ ይጻፍ ይላሉ። ሌስተርና አንድ ጓደኛው አይጻፍ ይላሉ። አምስተኛዋ ዳርሊን ናት። ሐሙስ ዕለት ለሌስተር "ካንተ ጋር ነኝ" ብላዋለች። ለዋሽንግተን ገንዘብ አዝና አይደለም። ነገሩ ሳይጎለጎል ተቀብሮ እንዲቀር ፈልጋ ነው።

ምክንያቱም የሚጎለጎለው የሷ ጉድ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የካቲት ላይ ወንዙ ግድቡን ጥሶ ገባ። ሬና ያለችበት የአርባ ዘብ ወታደሮች ቡድን መጣና፣ ልጆቹ ትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ውስጥ ወለል ላይ ተኙ። የአሸዋ ከረጢት ሲደረድሩ፣ ከሰው ምድር ቤት ጭቃ ሲዝቁ ከረሙ። ዳርሊን በየጠዋቱ ትኩስ ዳቦ በመረቅ አበላቻቸው። ግንቦት ሲገባ ግን ደከማት። ጂምናዚየሙ በእርጥብ ካልሲ ሽታ ታፍኗል፣ የተመራቂዎች የጭፈራ ምሽት ደርሷል፣ የልጅ ልጇ ቀሚስ ተገዝቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ለማንም ሳትናገር ወታደሮቹን ወደላከው የአደጋ መከላከያ ቢሮ ደወለች። "ከከተማው ምክር ቤት ነው" አለች፣ "ከእንግዲህ በራሳችን እንችላለን፤ ልጆቹን አሰናብቷቸው።"

ወታደሮቹ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሄዱ። ሰማንያ ዘጠነኛ ቀናቸው ነበር። ቅዳሜ በዘጠናኛው ቀን፣ ፍራሻቸው ተነጥፎበት በነበረው ቦታ ላይ ሰማያዊ ፊኛ ተሰቀለ።

ዳርሊን ስለ ዘጠና ቀኑ ነገር አታውቅም ነበር። የሰማችው ስድስት ወር ቆይታ፣ ከራሷ ከሬና አፍ ነው። ያን ጊዜ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረባት። እሷ ግን በማግስቱ ለሬና የፖም ኬክ ጋገረችላት። ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ ያልፈነዳ ጎማ ይዛ እየሄደች ኬክ ትሰጣታለች። የከተማው ሰው ይህን እያየ "ደግ ሴት" ይላታል።

"ሬና ባርቶሽ" ብላ ጠራች ፖሊ።

ሬና ማይክሮፎኑ ጋ ቀረበች። የጎማ ጥቁረት ያልለቀቀውን እጇን ከኋላዋ አጣምራ ደበቀችው። ሦስት ደቂቃዋ መጀመሩን የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት በራ።

"መናገር አልችልበትም" አለች። "ጎማ ፈትቼ ብገጥምላችሁ ይቀለኛል።" ሰዉ ሳቅ አለ። "ነርስ ልሆን ነበር። ዘብ የገባሁት ለሱ ነው። ሚስ ዳርሊን ታውቃለች፤ ሌሊት የሚያስለው ሲኖር ሙቀት የምለካው እኔ ነበርኩ። እሷ ደግሞ ሾርባ ትልክልን ነበር። እናቴ እንኳ እንደሷ አላበላችኝም።"

ሰዉ ወደ ዳርሊን ዞሮ ፈገግ አለላት። ዳርሊን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት አትጠላም ነበር።

"ሰማንያ ዘጠኝ ቀን ሠራሁ። አንድ ቀን ጎደለሽ ተባልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።"

ሌስተር ጉሮሮውን ጠረገ። "የኔ ልጅ፣ አንድ ቀን ብቻ ከሆነች ሕግ እስኪወጣ ምን አስጠበቀሽ? አቤት አትያቸውም ነበር?"

"ብያለሁ፣ አቶ ዊግስ። ከተማው ራሱ አሰናብቱ ስላለን ነው ብለው መለሱልኝ። ከከተማው ማን እንዳለ ግን አልጻፉም።"

ከንቲባ ጋስ ኦልትማን መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። "ከተማው? ፖሊ፣ እንዲህ ያለ ነገር ወስነናል እንዴ?"

"በቃለ ጉባኤ የለም።"

"ከእናንተስ የጠየቀ አለ?" ከንቲባው አምስቱንም በተራ አያቸው። ዳርሊን ጋ ሲደርስ ዓይኑ አልቆመም፤ እሷን ማን ይጠረጥራል። "ማንም አልጠየቀም እንግዲህ። አንድ ቦታ ተሳስተሻል፣ ልጄ።"

"እኔ አልተሳሳትኩም" አለች ሬና። ድምፅዋ ግን ቀጠነ። "ደብዳቤው እቤት አለ።"

"ቢሮ ሲያጠፋ በሌላ ማላከክ ያውቅበታል" አለ ሌስተር። ክፋት አልነበረበትም፤ ይልቅ ሊያባብላት ነው። ከኋላ ወንበር አንዱ ግን "ወይ ደግሞ ቀን መቁጠር አትችልም" አለና ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ደቂቃዋ አልቆ ቀዩ መብራት በራ። ሬና ቆቧን አስተካክላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ዳርሊን በዚያች ቅጽበት መውጫዋን አየችው። መውጫው ሰፊ ነበር፣ ያምርም ነበር። ለሌስተር የገባችውን ቃል ታጥፋለች፤ "ይጻፍ" ብላ እጇን ታወጣለች፤ ደብዳቤው በሦስት ድምፅ ያልፋል። ሬና ትመጣና አንገቷን ታቅፋታለች። ነገ ደግሞ ሌላ ኬክ። ማንም ምንም አያውቅም፤ ልጅቷም ቀን መቁጠር እንደማትችል ሆና ትቀራለች።

እቅፉን አሰበችው።

"ወደ ድምፅ እንግባ" አለ ከንቲባው።

"ጋስ፣ ቆይ" አለች ዳርሊን።

ሌስተር ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። "ምነው? ሐሙስ ተነጋግረን የለም?"

"ተነጋግረናል።"

"እንግዲያው ምን ሆንሽ? ካንቺ ውጪ ሁለት ለሁለት እኮ ነን። እኩል ከሆነ የሚወስነው ጋስ ነው፤ እሱ ደግሞ ንፋስ ወደነፈሰበት ነው።"

"አውቃለሁ፣ ሌስተር።"

ተነሣች። ስሟ የተጻፈበትን ሰሌዳ አንስታ በፊቱ አስተኛችው፤ ፊደሎቹ ጠረጴዛውን ሳሙ። ከመድረኩ ሦስት ደረጃ አለ፤ መደገፊያውን ይዛ አንድ በአንድ ወረደችና ፖሊ ፊት ቆመች።

"ካርድ ስጪኝ።"

"ዳርሊን፣ ይሄ እኮ ለሕዝብ ነው" አለች ፖሊ በሹክሹክታ።

"እኮ፣ ስጪኝ።"

ፖሊ ቢጫውን ካርድ አቀበለቻት። ዳርሊን ቅድም ከጠረጴዛ ሥር ያነሳችውን እስክሪብቶ ከፈተች። ስም በሚለው ላይ ስሟን ጻፈች። ደጋፊ ወይስ ተቃዋሚ የሚለውን ባዶውን ተወችው። የሚናገሩበት ጉዳይ በሚለው ላይ እጇ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ "የደወልኩት እኔ ነኝ" ብላ ጻፈች።

ወደ ማይክሮፎኑ ስትሄድ ሬና ከወንበሯ ሆና ፈገግ አለችላት፤ ልታመሰግናት የወረደች መስሏታል። ዳርሊን ፈገግታውን አልመለሰችም። ፊቷን ወደ ከንቲባው ሳይሆን ወደ ልጅቷ አዞረችና አረንጓዴው መብራት እስኪበራ ጠበቀች።