ሁለት መቶ አርባ

ልብስ ሰፊዋ ደብተሩን ያገኘችው ፈልጋ አይደለም፤ ቢያንስ ለራሷ የነገረችው እንደዚያ ነው። ጠመኔ ልትወስድ የወንድሟን መሳቢያ ከፈተች፤ ጠመኔው ከላይ ተቀምጦ ሳለ ከሥር ያለውን ሁሉ በረበረች። «ሰኞ 6። ማክሰኞ 4 ተኩል። ረቡዕ 7። ሐሙስ 3፣ ደክሞኛል።» ከላይ ደግሞ ተሰምሮበት፣ «ግብ፦ 240። ጊዜ፦ ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት፣ በየቀኑ፣ ማንም ሳያየኝ።»

ክው አለች። በዚህ ስፌት ቤት ተኩል ያለው ቁጥር ሜትር ነው፤ ሌላ ነገር ሆኖ አያውቅም። እሷ ትሰፋለች፣ ታናሽ ወንድሟ ይቆርጣል፤ አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ሁለቱም የሚተዳደሩት በዚሁ ነው። በሁለት መቶ አርባ ሜትር ጨርቅ ደግሞ ማንም ሰው የራሱን ስፌት ቤት ይከፍታል። እሷስ? ለመቁረጥ እጇ አይታዘዝላትም። እሱ ከሄደ በሩን መዝጋት ነው።

አሁን ሁሉም ነገር ተገጣጠመላት። በምሳ ሰዓት ጨርቅ ክፍል ገብቶ ከውስጥ የሚቆልፈው ለካ ለዚህ ኖሯል። «ትንሽ ጋደም ልበል» ሲላት አምናው ነበር፣ ሞኟ። አንዴ የገባ ጥርጣሬ እንደ ብል ነው፤ ጨርቅ አይመርጥም። ሲያፏጭ ጠረጠረችው፣ ዝም ሲል የባሰ ጠረጠረችው። አንድ ቀን «እትዬ፣ ደህና አደርሽ?» ቢላት እንኳ ምን አስቦ ነው እያለች እስከ ምሳ ስታብሰለስል ቆየች።

ክር ግዛ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ግዛ እያለች እየላከችው ጣቃዎቹን አንድ በአንድ እየዘረጋች ለካች። ሦስት ቀን ፈጀባት። አንዲት ስንዝር አልጎደለም። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ነበር። እሷ ግን «አይ፣ ይሄስ የለየለት ነው፤ ሰርቆ እንኳ አያጎድልም» አለች። ዓርብ ጠዋት የጨርቅ ክፍሉን ቁልፍ አስቀየረች።

ስድስት ተኩል ላይ ወንድሟ መክፈቻውን አስገብቶ አዞረ። እምቢ አለው። ደግሞ ሞከረ። እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣

«ስንት ሜትር ቀረህ?» አለችው።

«የምን ሜትር?»

«የሁለት መቶ አርባው ነዋ። ደብተርህን አይቼዋለሁ።»

ወንድሟ መክፈቻውን መዝዞ ወደ እሷ ዞረ። «ገጽ ነው እኮ፣ እትዬ። መጽሐፍ እያነበብኩ ነው። ስለ ከዋክብት። ከገበሩ ጣቃ ጀርባ አለልሽ።»

«ታዲያ ምን አስደበቀህ?»

«ትምህርቴን ልቀጥል ያልኩ ጊዜ ምን እንዳልሽኝ ረሳሽው? የአንተ ጭንቅላት ለመቀስ እንጂ ለመጽሐፍ አልተሠራም ብለሽ ደንበኛ አሳቅሽብኝ። መቀሱን በየሳምንቱ እንስለዋለን። ጭንቅላቴንስ ማን ይሳልልኝ? ዝጎ ሊቀር ነው ብዬ በቀን ግማሽ ሰዓት ለራሴ መደብኩ። ግማሽ ሰዓት ብቻ።»

የምትገባበት ጠፋት። ተነሥታ በአዲሱ መክፈቻ ከፈተችለት። መጽሐፉ እዚያው ነበር። ስትለካ አይታዋለች፤ ጨርቅ ስላልሆነ ገፋ አድርጋው አልፋለች።

«አንዱን መክፈቻ አንተ ያዘው፣ ወንድሜ» አለች። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ግድ የለም» አላት። መክፈቻውን ግን አልተቀበላትም። መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ፤ ከመንገዱ ማዶ አንድ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አነበበ፤ ልክ በሰባት ሰዓት ተመልሶ መቀሱን አነሣ። ከዚያ በኋላ ሲያናግራት እንደ ወትሮው ነበር። ይህ ይበልጥ አስፈራት።

ሰኞ ጠዋት ደብተሩን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አገኘችው። መደበቁን ትቷል። «ዓርብ 2፣ ቁልፉ ተቀይሮ» ይላል። ከሥሩ አዲስ መስመር ተሰምሯል፦ «ሁለተኛ ግብ፦ የራሴ ስፌት ቤት።»

ቆማ ወደ ኋላ ገለጠች፤ እያንዳንዱን ገጽ፣ እስከ መጀመሪያው ቀን ድረስ። ከዓርብ በፊት እንዲህ የሚል ነገር የትም አልነበረም።