የሌለው ዶክተር ምክር

እስቲ መልሱ፤ ያልተወለደ ሰው ስልክ ያነሣል?

ወይዘሮ እማዋይሽ ግን ያነሣል ብለው ደውለዋል። «ዶክተሩን አገናኝኝ፣ ልጄ» አሉ፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። «ዶክተር ኪዳነ ማርያምን። ላሜ ልትሞትብኝ ነው።»

መስከረም ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል እንደያዘች እጆቿ ኮምፒውተሩ ላይ ቀሩ። የምትሠራው ወረታ መገንጠያው አጠገብ ካለ የዘርና የፀረ አረም መድኃኒት መደብር ነው፤ የመደብሩን ድረ ገጽ የምትጽፈውም እሷ ናት።

«ምን ሆነች፣ እትዬ?»

«ማመንዠክ አቁማለች። አረፋ ትደፍቃለች። ትናንት የነቀልነውን አረም ነው የሰጠኋት።»

«የተረጨውን?»

«አዎ እንጂ! ልጄ ሉሊት ገጻችሁን ከስልኳ አንብባልኝ፣ ዶክተሩ በተረጨ በሦስተኛው ቀን ንቀሉት ብሎ የለ? ነቅለን ምን እናድርገው ታዲያ፣ እንጣለው? በነሐሴ ለከብት ሌላ ምን አለ?»

ያንን ዓረፍተ ነገር ከአንድ የውጭ አገር ገጽ ገልብጣ የጻፈችው መስከረም ናት። የዚያ አገር ገበሬ የነቀለውን አረም ይጥለዋል። እዚህ ፎገራ ላይ ግን ሜዳው ውሃ ሲተኛበት ከብቱ ጋጥ ይውላል፤ ከሩዝ ማሳ የተነቀለው አረም እየታሰረ ወደ ቤት ይሄዳል። መስከረም ራሷ ያንን ሸክም እየተሸከመች ነው ያደገችው። እያወቀች «ለከብት አትስጡ» የሚለውን ሳትጨምር አለፈች። ለምን? የውጭው ገጽ ስላላለው!

ገጹ መጀመሪያ በሐቅ ነበር ያደገው። ገበሬ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የሚጠይቀውን ትመዘግባለች፤ ሠላሳ ዓመት ሩዝ የዘሩትን አቶ አንለይን ትጠይቃለች፤ መልሱን ሰው በሚገባው አማርኛ ትጽፋለች። በስድስት ወር ውስጥ ስለ ሩዝ ጎግል ላይ የሚፈልግ ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው የእነሱን ገጽ ሆነ። ያኔ ነው የመደብሩ ባለቤት፣ ገበያው የሚባለው፣ «የገበሬ ወሬ አይበቃም፤ ባለሙያ ያስፈልገናል» ያለው። ባለሙያ ግን አልቀጠረም። «ዶክተር ኪዳነ ማርያም» የሚል ስም ፈጠረ፤ የማያውቀውን ሰው ፎቶ ለጠፈ። መስከረምም በዚያ ስም ከውጭ ገጾች እየገለበጠች ጻፈች።

«ባለፈው ችግኜ ቢጫ ሲሆን ያላችሁኝን አድርጌ ድኖልኛል» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ። «በዚያ ነው ያመንኋችሁ። ዶክተሩ ሥራ ላይ ከሆነ እጠብቀዋለሁ።»

መስከረም «ውሃ ይስጧት» ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ውሃው ቢገድላትስ?

«እትዬ፣ የቀረውን አረም ከጋጥ ያውጡት። ጥጃውን ያርቁት። የእንስሳት ሐኪም አሁኑኑ በባጃጅ እልክልዎታለሁ፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ያሳዩት።»

«ዶክተሩስ?»

«ዶክተር የለም፣ እትዬ።»

«ወዴት ሄደ?»

መስከረም ሐኪም ልትጠራ ስልኩን ዘጋች።

ሐኪሙን ለምና ከላከች በኋላ የገጹን አንባቢዎች ቁጥር ከፈተች። ዛሬ ብቻ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ጋጥ ታያት። ስልኩ እንደገና ሲጮኽ አፈፍ አድርጋ አነሣችው፤ የዘር ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ገበያው ከጭነት መኪናው ማራገፊያ ሲገባ ሁሉንም ነገረችው። «ጽሑፉን አጥፊው» አለ ሳይቀመጥ። «አላየንም፣ አልጻፍንም።»

«ያነበቡትስ?»

«አንዲት ላም ናት እኮ! ሌላ በሽታ ይዟት ይሆናል።»

«ጋሼ፣ ላሙ የታመመችበት ሰው ስልኩን ከፍቶ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው። ካጠፋሁት ባዶ ያገኛል። አንደኛ መውጣታችን ዛሬ ካልጠቀመ መቼ ሊጠቅም ነው?»

«ተሳሳትን ብለሽ ጻፊና ከነገ ወዲያ ማን እንደሚከፍተው አያለሁ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ የጻፈው እጅ ያንቺ ነው። የሚጠየቅ ካለ አንቺ ነሽ።»

ይህን ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ። ስሙን ሲፈጥር «የእኔ ነው» ያላለ ሰው፣ ላም ስትወድቅ እጅ ይለያል!

እውነት ነው፤ እጁ የመስከረም ነው። ከሥራ መባረሩ ቀላሉ ነው፤ ሌላም ላም ብትሞት፣ ሌላም ሰው ቢከስስ? የዶክተሩን ፎቶ ከገጹ አጠፋችና በአናቱ ላይ በቀይ ጻፈች፦

«ከተረጨ ማሳ የነቀላችሁትን አረም ለከብት አትስጡ። የሰጣችሁ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ይህን ሳልጽፍ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ መስከረም ንብረት። ዶክተር ኪዳነ ማርያም የሚባል ባለሙያ የለንም፤ ኖሮንም አያውቅም።»

ስልኩ ጠራ። የወይዘሮ እማዋይሽ ቁጥር ነው። ከማንሣቷ በፊት አንድ መስመር ጨመረችና ጽሑፉን ለቀቀችው፦

«አቶ ገበያው፣ ይህን ዶክተር ማን ፈጠረው? ላም ያላቸው ሁሉ በሚያነቡት በዚሁ ገጽ ላይ፣ በስምዎ ይመልሱ!»