የፍርምባ አጥንት ውርርድ

ሐሙስ ምሳ ላይ ሱዳቤና አያቷ የዶሮዋን መንታ የፍርምባ አጥንት ግራና ቀኝ ይዘው ቀጭ! አደረጓት። ውርርዱ ታሰረ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንዱ ለሌላው ማንኛውንም ነገር ሲያቀብል፣ ተቀባዩ «አልረሳሁም» ማለት አለበት። ዝም ብሎ የተቀበለ ተሸነፈ።

ሱዳቤ ካሸነፈች፣ አያቷ «ያፏጫል» ብለው ከመስከረም ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ የጣሉትን የጆሮ መስሚያ ያደርጋሉ። እሳቸው ካሸነፉ፣ እስከ ኖውሩዝ፣ እስከ ፀደዩ የአዲስ ዓመት በዓል ድረስ፣ በየቀኑ ጋዜጣ ታነብላቸዋለች። ሱዳቤ ንባብ አልጠላችም፤ የሰለቻት መጮኹ ነው። «ሻይ ይፈልጋሉ?» ስትላቸው ሦስተኛው ቤት ያለው ጎረቤት «እሺ» ሊል ምንም አይቀረው። ምስጢር መንገርማ ቀርቷል። ምስጢር እየጮኹ ይወራል እንዴ?

«እስከ መቼ ነው የምንጫወተው?» ብላ ጮኸች።

«ነገ ፀሐይዋ ከዚህ መስኮት እስክትወርድ።»

የሐመዳን ከተማ በበረዶ ታፍናለች፤ የሚወጣ የለም። ሁሉም እግሩን ኮርሲው ስር፣ ማለትም ማሞቂያ ካለበት፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ከለበሰው ጠረጴዛ ስር ከትቷል። ሱዳቤ ለአያቷ ሻይ አቀበለች። «አልረሳሁም።» የሮማን ፍሬ አቀበለች። «አልረሳሁም።» አርብ ጠዋት ሲያንቀላፉ መነጽራቸውን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች። ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ፣ «አልረሳሁም።»

እናቷ መህሪ ሳቀች። «ተይ ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሞክሬያቸዋለሁ!»

አርብ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ሱዳቤ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ባለፈው አርብ በዚህ ሰዓት ፀሐይዋ ከጎረቤት ጣሪያ ጀርባ ገብታ ነበር።

«አለቀ አባባ! አቻ ወጣን!»

አያቷ ተከዙ። መሳቢያውን ከፍተው የመስሚያውን ትንሽ ሳጥን አወጡ። «በቃ፣ አሳዘንሽኝ። እንኪ፣ ባትሪውን ቀይሪልኝ።»

ሱዳቤ ዘላ ተቀበለቻቸው።

«እኔ አልረሳሁም፣ አንቺ ረሳሽ!» ኮርሲው እስኪነቃነቅ ሳቁ። መስኮቱ ደፍ ላይ ሁለት ጣት የምታህል ብርሃን ተቀምጣለች። «ቀኑ እየረዘመ ነው፣ የኔ እመቤት! መስኮቱን አልን እንጂ ሰዓቱን መች አልን?»

«አጭበርባሪ!» አለች። አልሰሙም። ሳጥኗን ነጥቀው ኪሳቸው ከተቱ። «በይ፣ ጋዜጣ!»

ሱዳቤ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጋዜጣውን ዘረጋችና በሹክሹክታ ማንበብ ጀመረች።

«ጮክ በይ እንጂ!»

ለመጨረሻ ጊዜ ጮኸች፦ «ውርርዱ አንብቢ ነው የሚለው፣ ጩኺ አይልም!»

ሹክሹክታዋን ቀጠለች። ገጽ ገለጠች። አነበበች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ለብቻዋ በሳቅ ፈረሰች።

«ምንድን ነው? ምን ይላል?» አያቷ አንገታቸውን አሰገጉ። ሱዳቤ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች። አፍጥጠው አዩዋት፤ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ «የሰይጣን ቁራጭ» ብለው መስሚያውን ጆሯቸው ውስጥ ከተቱት። አፏጨ፤ ለካ ባትሪው አላለቀም። ፊታቸውን አጨማደዱ። ፉጨቱ ቆመ።

ያን ጊዜ መህሪ ማዕድ ቤት ውስጥ ለራሷ ስታወራ ተሰማ። «እኚህ ሽማግሌ ዘቢቡን ደግሞ ጨርሰውታል!»

«ሰምቻለሁ መህሪ!»

አንድ ክዳን ወለሉ ላይ ተንከባለለ። መህሪ ፊቷ ቲማቲም መስሎ በበሩ ብቅ አለች። «አባባ! ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰሙት?»

«ከዘቢቡ ጀምሮ» አሉና ወደ ሱዳቤ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪልኝ። ቀስ ብለሽ፤ ደንቆሮ አይደለሁም።»