ክፈት ሲሬ

ጋሽ ኃይለመስቀል የሲሬን መጋዘን ሰርቨር ያጠፋው አሰላ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። ማጥፋት የፈለገው ግን የዴራውን ነበር።

የሚሠራበት የገበሬዎች ዩኒየን ጢቾ፣ ሲሬና ዴራ መጋዘኖች አሉት። ገበሬው የሚያስገባው ገብስና ስንዴ የሚመዘገበው በየመጋዘኑ በተቀመጠ ሰርቨር ላይ ነው። ኃይለመስቀል ከወንበሩ ሳይነሳ ኮምፒውተሩ ላይ በሚከፈተው ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ የአንዱን ሰርቨር አድራሻ በቁጥር ይጽፋል፣ የይለፍ ቃሉን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ እንዳለ ሰው የፈለገውን ያዝዛል። ድካም ሲሰማው ደግሞ እንደ አዲስ አይጽፍም፤ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ቀደም ብሎ ከጻፋቸው ትእዛዞች አንዱን ይመልሳል። የዴራና የሲሬ አድራሻ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ነው። የዴራው በሦስት፣ የሲሬው በስምንት ያልቃል።

የዚያን ቀን ዴራ የመብራት መስመር ሊቀየር ስለነበር ማሽኑን እንዲያጠፋላቸው ለመኑት። እሺ ብሎ አጠፋ። ብዙም ሳይቆይ የሲሬው መዝጋቢ ኢብሳ ደወለ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ድርግም አለ።»

«መብራት ሄዶ ነው?»

«ኧረ መብራትስ አለ!»

አንዴ የጠፋን ማሽን ከሩቅ ሆኖ ማስነሳት አይቻልም፤ ሰው ሄዶ በእጁ መጫን አለበት። የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ደግሞ ለቅሶ ሄዶ ነበር። የመከር ወቅት ነውና ገበሬዎቹ አህዮቻቸውን እንደጫኑ ፀሐይ ላይ ቆመው ዋሉ።

ከኃይለመስቀል ፊት ለፊት የምትሠራው ሩዋይዳ ይህን ሁሉ ሰማች። አሰላ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒየኑ ውስጥ ገና ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች ልጅ ናት። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። ሰሞኑን ስክሪኑ ላይ አፍንጫው እስኪነካ ሲያጎነብስ አይታዋለች። መነጽሩን አድርጎ ሳለ «መነጽሬን ረስቼ ነው፤ እስቲ ይህን አንብቢልኝ» ብሏትም ያውቃል። ስልኩን እስኪዘጋ ጠበቀችና ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

«ጋሼ፣ ስምንቷን አላዩዋትም አይደል?»

ለመቆጣት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወው።

«ሦስት መሰለችኝ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምት ወዲህ ነው የባሰብኝ። አዳማ ሄጄ ታይቻለሁ። የዓይን ግፊት ነው አሉኝ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል ብለዋል።» መሳቢያውን ከፍቶ ትንሿን ጠርሙስ አሳያት። «ነገ ለሥራ አስኪያጁ እነግረዋለሁ። ጡረታዬን ቀደም አድርጌ እወጣለሁ። ገበሬ ፀሐይ ላይ እያቆምኩ አልቀመጥም።»

«እትዬ አፀደ ምን አሉ?»

«አልነገርኳትም።»

«ወላሂ? ለሚስትዎ?»

«የምትኖረው በልብስ ስፌት ነው። የቅርብ ነገር አይታያትም፤ መርፌዋ ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነበርኩ። አሁን ምን ብዬ ልንገራት?» መሳቢያውን መልሶ ዘጋ። «አደራ፣ ከአንቺ አፍ እንዳትሰማ።»

ሩዋይዳ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛዋ መለሰች።

«አልነግራቸውም። እርስዎም ለሥራ አስኪያጁ ከመናገርዎ በፊት አንድ ሳምንት ይስጡኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ፣ ሥራ በቀለለላት ሰዓት ሁሉ፣ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ስትጽፍ ሰነበተች። መስኮቱ ያው ጥቁሩ መስኮት ነው። ቁጥር ግን የለም። «ክፈት ሲሬ» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው፤ አድራሻውንም የይለፍ ቃሉንም ፕሮግራሙ ራሱ ያውቃል። የኃይለመስቀል ጣቶች ፊደሎቹን ያለ ዓይን ያገኟቸዋል፤ ለዚያ አልተጨነቀችም። የተጨነቀችው ከገባ በኋላ የት እንደገባ በምን ያውቃል ብላ ነው። እዚያ ላይ ድምፅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ከኢንተርኔት ያገኘችውን የማሽን ድምፅ ሞከረች። ሲሬን የፈረንጅ ስም አስመስሎ ሲጠራው ብቻዋን ሳቀች። ቀጥሎ የራሷን ቀዳች፤ የእሷ ድምፅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ስታወራ ስለሚሰማው ከወሬው ጋር ይቀላቀልበታል። በሁካታ መሀል እንኳ ለይቶ የሚያውቀው ድምፅ የማን እንደሆነ ለማሰብ ብዙ አልፈጀባትም።

አፀደ ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቋ ውስጥ ሱሪ እያሳጠረች አገኘቻት።

«እትዬ፣ ለቢሮ ሥራ ድምፅዎን ልቀዳ ፈልጌ ነበር። የመጋዘኖቹን ስም መጥራት ብቻ ነው።»

አፀደ መቀሷን አስቀመጠች።

«ለእሱ ነው?»

ሩዋይዳ ስልኳን እጇ ላይ አገላበጠች።

«ተይው፣ አትመልሺልኝ። አደራ ብሎሽ ይሆናል» አለች አፀደ። «ከመስቀል ወዲህ መርፌዬን ይዤ የምሄደው ጎረቤቴ መሰረት ጋ ነው። ክሩን ይዞ ሲቸገር ማየት አልቻልኩም። ማታ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቦዩ ባለበት በኩል የምሄደው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አያነሱበትም?»

«እስኪነግረኝ እየጠበቅኩት ነዋ። ቀድሜው ባወራ የደበቀው ሁሉ ከንቱ ሆኖ ያፍራል። እኔ ደግሞ እንዲያፍር አልፈልግም።» በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። «በይ፣ ምን ልበል?»

ሩዋይዳ ስልኳን አቀረበችላት። አፀደ ጉሮሮዋን ጠርጋ «ሲሬ። ነህ።» አለች፤ ልክ ዜና እንደሚያነብ ሰው።

«እንደሱ አይደለም እትዬ። ቤት ውስጥ እንደሚያወሩት ይበሉት።»

ሁለቱም ሳቁ። አፀደ ስልኩን ረስታ ባሏን ማነጋገር ጀመረች። «ሲሬ ነህ።» «ዴራ ነህ፤ ሙቀት ነው፣ ኮትህን አውልቅ።» «ጢቾ ነህ። ብርዱን ታውቀዋለህ።»

«አንድ ትቀረናለች» አለች ሩዋይዳ። «ማሽን ላጥፋ ብሎ ሲያዝዝ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ አይታዘዘውም። ያለበትን ቦታ ስም እንደገና እንዲጽፍ ይጠይቀዋል። እሷን ጥያቄ እርስዎ በራስዎ ቃል ይጠይቁልኝ።»

አፀደ ጉልበቷ ላይ ያለውን ሱሪ እየዳበሰች ቆየች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች፤ ሩዋይዳ አላስደገመቻትም።

በማግስቱ ጠዋት የጆሮ ማዳመጫ ለኃይለመስቀል ሰጠችው።

«ቁጥር የለም ጋሼ። ክፈት ይበሉና የቦታውን ስም ይጻፉ።»

«ክፈት ሲሬ» ብሎ ጻፈ። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ እንዳሉ ቀሩ። ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫነው።

«ነገርሻት?»

«ወላሂ አልነገርኳቸውም። ያውቃሉ፣ ጋሼ። ከመስቀል ጀምሮ ያውቃሉ።»

ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ። ዴራን ከፈተ፤ ኮቱን አውልቅ ሲባል ፈገግ አለ። ጢቾን ከፈተ። ከዚያ ሩዋይዳ ለሙከራ ያዘጋጀችው አሮጌ ማሽን ውስጥ ገብቶ እንዲጠፋ አዘዘ። ሩዋይዳ የምትሰማው ነገር አልነበረም፤ ፊቱን ብቻ ነው የምታየው። እሱ ግን የአፀደን ድምፅ ሰማ።

«ኃይልዬ፣ የት እንዳለህ ንገረኝ።»

የማሽኑን ስም አልጻፈም። ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። መሳቢያውን ከፍቶ የጠብታዋን ጠርሙስ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ኮቱንም አንስቶ ወጣ። ባጃጅ አልያዘም፤ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ፣ ድንጋዩን በጫማው እየፈተሸ በእግሩ ሄደ።

ሱቋ በር ላይ ሲቆም አፀደ ቀና አለች። በዚህ ሰዓት መጥቶ አያውቅም።

«አፀደ፣ ዓይኔ...» ብሎ ጀመረና ያሰበው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። «ዓይኔ እየከዳኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ና፣ ቁጭ በል።»

«ይቅር በይኝ። መርፌሽን...»

«የመርፌው ነገር አለቀ፤ መሰረት ወጣት ናት። ይልቅ ሐኪሙ ምን አለህ?»

ሁሉንም ነገራት፤ አዳማ ብቻውን ሄዶ ወረፋ እንደጠበቀ፣ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ እንዳለቀሰ ሳይቀር። ጠርሙሷንም አወጣ። አፀደ ተቀበለችው።

«ይህንንስ ብቻህን እንዴት ነበር የምታደርገው?»

«ግማሹ ጉንጬ ላይ ይወርዳል።»

አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ጣሪያው ቀና አደረገችው፤ የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቷ ገልጣ አንድ ጠብታ ጠብ አደረገችለት። በዚህ መሀል አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ይዛ ገባች።

«ትንሽ ታገሺኝ፣ የኔ እህት» አለቻት አፀደ ሳትዞር። «ባለቤቴን ይዣለሁ።»

ኃይለመስቀል ነገሩን ለሥራ አስኪያጁ ነገረው፤ ጡረታ ግን አልጠየቀም። ማሽን የሚጠፋበት ቀን ሩዋይዳ አጠገቡ እንድትቀመጥ ተስማሙ። አዳማ የሚሄደው አሁን ከአፀደ ጋር ነው። የቀኝ ዓይኑ እንደ ድሮው አይደለም፤ የግራው ግን እስካሁን ባለበት ቆሟል።

በሚያዝያ የጢቾው ሰርቨር አንድ ዕቃ ስለሚቀየርለት የዩኒየኑ መኪና ወደዚያ ሊሄድ ሆነ። አፀደ ሰማችና «እኔም ልሂድ እንጂ፤ በየቀኑ ስሙን የምጠራውን አገር አንድ ቀን ልየው» አለች። ሩዋይዳ ከፊት ተቀመጠች፣ ባልና ሚስቱ ከኋላ። አፀደ መንገዱን ሙሉ የምታየውን ስትነግረው ሄደች፤ የታረሰውን፣ ያልታረሰውን፣ የማንን ግቢ ቆርቆሮ ንፋስ እንደገነጠለው።

መጋዘኑ ሲደርሱ ሩዋይዳ ክፍሉን ከፍታ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ሰርቨር አሳየቻት። አፀደ ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ይኼ ነው?» አለች። «ይህን የምታህል ሳጥን ውስጥ ነው ባለቤቴን ስታስገቡት የከረማችሁት?»

ኃይለመስቀል ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።